በሶ ካንሰር ያድናል ወይ? ለአባቴ ነው

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦
ሰላም ናችሁ። አባቴ የትልቁ አንጀት ካንሰር ተገኝቶበት ከሦስት ሳምንት በፊት አዲስ አበባ ኦፕራሲዮን ተደርጎ ተመለሰ። ኬሞ (ካንሰሩን የሚገድል መድኃኒት) ሊጀምር ነው። አንዲት ጎረቤት «ገብስ ውስጥ ካንሰር የሚገድል ነገር አለ፤ በሶ በጥብጠሽ አጠጪው፣ ኬሞው ይቅርበት» አለችኝ። እሱም መርፌ ስለማይወድ ሐሳቧ ጥሞታል። እናቴ ደግሞ ትናንት ገብሱን አውጥታ መፈተግ ጀምራለች። እውነት ነው ወይ? እንዴትስ ላዘጋጅለት?

የመንዝ ልጅ፦
እግዜር ይማርልሽ እህቴ። ገብስ የእህል ንጉሥ ሲባል ነው ያደግነው፣ እኔም ያለ ቆሎ አልውልም። ግን ኬሞውን እንዳታስቀሩት! አጎቴ ሥራ ሥር እየጠጣ ስድስት ወር ቆይቶ ሆስፒታል ሲሄድ ዘግይቶ ነበር።

ባዮኬሚስትሪ የተማርኩ፦
ነገሩ ከባዶ ሜዳ አልመጣም። ያልተነፋ እህል ፋይበር አለው። ፋይበሩ ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ይደርስና እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች አብላልተው ቡቲሬት የሚባል አሲድ ያወጣሉ። የአንጀት ግድግዳ ሴሎች ዋና ምግብ እሱ ነው፣ በላቦራቶሪ ደግሞ የካንሰር ሴሎችን እድገት ሲገታ ታይቷል። ፉርሽካው ላይ ፌሩሊክ አሲድና ሊግናን የሚባሉ የዕፅዋት ንጥረ ነገሮችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 ብዙ ጥናቶችን አጠቃሎ የወጣ ሥራ በቀን 90 ግራም ያልተነፋ እህል የሚበሉ ሰዎች በትልቁ አንጀት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው 17% ገደማ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ልብ በይ፣ ይህ ስለ መያዝ ነው። የያዘውን ያድናል ማለት አይደለም። የላቦራቶሪ ሳህን ላይ ያለ ሴልና የአባትሽ ሰውነት አንድ አይደሉም።

ነርስ ነኝ፦
እህቴ፣ ከበሶው በፊት አንድ ነገር። አንጀቱን ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰው መጀመሪያ ላይ ፋይበር የበዛበት ምግብ ሊከለከል ይችላል፣ ቆሎማ ይቅርና። ቀዶ ሕክምናውን የሠራለትን ሐኪም «ገብስ መቼ ልጀምርለት?» ብለሽ ጠይቂ። እሺ ሲሉሽ በትንሹ ጀምሪለት፣ ውኃም ይጠጣ። ሆዱ ከተነፋ ወይም ካስታወከው አቁሚና ቶሎ ውሰጂው።

ወፍጮ ቤት ያለኝ፦
እማማ ገብሱን እስኪነጣ እንዳይፈትጉት፣ የላይኛው ገለባ ብቻ ይውረድ። ሲፈጭም በወንፊት አትንፉት፣ ፉርሽካው የሚቀረው እዚያ ነው። ደግሞ እህሉን አሽትቱት። ጉድጓድ ውስጥ ቆይቶ የሻገተ ከሆነ ለሰው አይሆንም፣ ሻጋታው የሚያወጣው አፍላቶክሲን የጉበት ካንሰር ያመጣል፣ ብትቆሉትም አይጠፋም።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ሐኪሙ ጋ ደወልኩ። ለሁለት ሳምንት ቀጭን አጥሚት ብቻ፣ በሶው ከዚያ በኋላ አለኝ። አባቴን ስልኩ ላይ አቅርቤ ራሱ እንዲሰማ አደረግኩት። ትንሽ ዝም አለና «እሺ፣ ኬሞውንም እገባለሁ» አለ። ያ የተፈተገው ገብስ እንቅቡ ላይ ተሸፍኖ ይጠብቀዋል።