የእንጨት ቦይለር በሰፈር መካከል ይፈቀድ ወይስ ይከልከል?

ጥያቄውን ያነሳችው፦
ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው ጥያቄዬ ብዙ ጎረቤት ያቀያየመ ጉዳይ ነው። ደጅ ላይ ቆሞ፣ እንጨት እየነደደበት፣ ውኃ አሙቆ ቤት የሚያሞቅ ቦይለር። ከሩቅ ሲታይ ጭስ ማውጫ የተተከለለት ትንሽ የቆርቆሮ ቤት ይመስላል። ውስጡ ሰፊ ምድጃ አለ። ምድጃውን ዙሪያውን ውኃ ከቦታል። የሞቀው ውኃ ከመሬት በታች በተቀበረ ቧንቧ ወደ ቤት ይገባል፣ ሙቀቱን ሰጥቶ ይመለሳል። ቤቶች በተጠጋጉበት ሰፈር ይህ ይፈቀድ ወይስ ይከልከል? እኔ ገና አልወሰንኩም። የምታውቁትን ንገሩኝ።

እንጨት ፈላጩ፦
ይፈቀድ እንጂ! 11 ዓመት ቤቴን ያሞቅሁት በዚህ ነው። እሳቱም፣ አመዱም፣ የእንጨቱ ቅርፊትም ደጅ ይቀራል። ድሮ ሳሎን ውስጥ ምድጃ እያለን ሌሊት ሁለት ጊዜ እየተነሳሁ አይ ነበር። ያ ስጋት ለቀቀኝ። ጠዋትና ማታ እሞላዋለሁ፣ አለቀ። እንጨቱም ነፋስ የጣለው ዛፍ ነው፣ ባይነድ ይበሰብሳል። ነዳጅ በተወደደ ቁጥር አልደነግጥም። በገዛ ጉልበቴ ቤተሰቤን ማሞቄ ለምን እንደ ጥፋት እንደሚቆጠር አይገባኝም።

ማዶ የምትኖረው፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እሳቱ ደጅ ቀረ ማለት ጭሱ እኔ ቤት ገባ ማለት ነው። የጎረቤቴ ቦይለር ከመኝታ ክፍላችን 40 ሜትር ቢርቅ ነው። ልጄ አስም አለበት። በብርድ ወራት ነፋስ በሌለበት ማለዳ ጭሱ ወደ ላይ አይወጣም፣ መሬት ለመሬት ይሄዳል። መስኮት ዘግተን፣ የበሩን ስንጥቅ በጨርቅ ወትፈን የምናድርበት ቀን ብዙ ነው። ሄጄ አነጋግሬዋለሁ። ክፉ ሰው አይደለም። «የእንጨት ጭስ ምን ያደርጋል፣ ተፈጥሮ ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ምን ልበለው?

አዲስ ገቢው፦
ቤት ውስጥ ያለ የእንጨት ምድጃም ይጨሳል። ይሄኛው በምን ተለየ?

ቧንቧ ሠራተኛው፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። እነዚህን ስተክልም ስጠግንም ኖሬያለሁ፣ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝም።

የአሮጌው ዓይነት ቦይለር ችግር የቀኑን ብዙ ሰዓት ታፍኖ መዋሉ ነው። ውኃው የተፈለገው ሙቀት ላይ ሲደርስ መቆጣጠሪያው የአየር ማስገቢያውን ይዘጋል። ምድጃው ውስጥ ግን ገና አንድ ሸክም እንጨት አለ። አየር ያጣ እንጨት ነበልባል የለውም፣ ይጨሳል እንጂ አይነድም። ዙሪያውን ያለው ውኃ ደግሞ እሳቱን ያቀዘቅዘዋል። ጭስ ያልተቃጠለ ነዳጅ ነው። እሱ ራሱ እንዲነድ ወደ 600 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ ሙቀት፣ በዚያ ላይ በቂ አየር ይፈልጋል። እዚያ ውስጥ ሁለቱም የሉም። ስለዚህ ከፊሉ ቅጥራን ሆኖ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፣ የቀረው በአጭሩ ጭስ ማውጫ በኩል ቀዝቅዞ ይወጣል። የቀዘቀዘ ጭስ ከፍ የማለት ጉልበት የለውም። እህቴ በየማለዳው የምታየው ይህንኑ ነው።

የሚያሳዝነኝ ደግሞ ሰው ሲገዛ ትልቁን መምረጡ ነው። ለቤቱ ከሚበቃው እጥፍ የሆነ ቦይለር ሥራ ስለማይኖረው ታፍኖ ይውላል። በሙቀት ወራት ለገላ መታጠቢያ ውኃ ብቻ ብለው የሚያነዱትማ የባሰ ነው። አንዳንዱ ቤት ስሄድ በረዶው መሬት ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሠርቶ ቀልጦ አያለሁ። ከሥሩ በደንብ ያልተሸፈነ ቧንቧ አለ ማለት ነው። ሰውየው የሚፈልጠው እንጨት ሜዳውን እያሞቀለት ነው።

አዲሶቹ ይለያሉ። ከእንጨቱ የሚወጣውን ጋዝ ወደ ሁለተኛ ክፍል ወስደው እዚያ ያቃጥሉታል። ትልቅ የውኃ ታንከር ሲጨመርላቸው ደግሞ መታፈን አያስፈልጋቸውም። አንዴ አጥብቀው ይነዳሉ፣ ሙቀቱ ታንከሩ ውስጥ ይቀመጣል፣ ቤቱ ቀስ እያለ ይወስደዋል። ግን እነሱም ቢሆኑ እርጥብ እንጨት ከገባባቸው ዋጋ የላቸውም። የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ ማለፍ የለበትም።

እንጨት ፈላጩ፦
የእኔ እንጨት ደረቅ ነው። ተከምሮ፣ ላዩ ተሸፍኖ ነው የሚቀመጠው። ተረቱ «በደረቅ አበሳ እርጥብ ይቃጠላል» ነበር። እዚህ ነገሩ ተገልብጧል። እርጥብ በሚያነዱት ሰዎች አበሳ ደረቅ የምናነደው ልንቀጣ ነው።

ነርሷ፦
ስለ «ተፈጥሮ ነው» ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ይህችን ቃል በየቀኑ እሰማታለሁ። ከእንጨት ጭስ ውስጥ የሚያሰጋን በዓይን የማይለየው ብናኝ ነው። ውፍረቱ ከ2.5 ማይክሮን በታች ነው። አፍንጫና ጉሮሮ አያስቀሩትም፣ ሳንባ ጥግ ድረስ ይገባል። አስም ያለበትን ልጅ ያፍነዋል፣ የልብ ሕመም ያለበትን ሽማግሌ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የዚህ ብናኝ የዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮ ግራም፣ የ24 ሰዓቱ ደግሞ ከ15 እንዳይበልጥ ይመክራል። በጣም ትንሽ መጠን ነው። መስኮት መዝጋት ይቀንሰዋል እንጂ አያስቀረውም። እህቴ፣ ጨርቅ መወተፍሽ ይገባኛል፣ ግን ብናኙ ከጨርቁ ይቀጥናል።

ሕግ የሚከታተለው፦
ሌላ ቦታ ምን እንደተደረገ ላካፍላችሁ፣ ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አሜሪካ ውስጥ የቨርሞንት ግዛት ገና በ1997 ደንብ አውጥቷል። በ2005 ደግሞ የኮኔክቲከት ሕግ ቦይለሩ ከጎረቤት ቤት ቢያንስ 200 ጫማ፣ ማለትም ወደ 60 ሜትር እንዲርቅ አዘዘ። ጭስ ማውጫውም በአቅራቢያው ካሉት ጣሪያዎች ከፍ እንዲል ይጠይቃል። የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2015 ለአዳዲስ ቦይለሮች የጭስ ገደብ አወጣ፣ በ2020 አጠበቀው። ልብ በሉ፣ ገደቡ አዲስ ተሠርተው ለሚሸጡት ነው። ቀድሞ የተተከለው አሮጌ ቦይለር ግን በቦታው አለ። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ማዶ የምትኖረው፦
60 ሜትር ለጭስ ምንድን ነው? ሰፈሩ ሸለቆ ውስጥ ከሆነ 200 ሜትርም አይበቃም። እርሻ መሃል ብቻውን የሚኖር ሰው እንደፈለገ ያድርግ፣ ማንም አይከለክለው። ቤት ከቤት በተጠጋበት ግን ይከልከል ባይ ነኝ። የልጄ ትንፋሽ በጎረቤቴ መልካም ፈቃድ ላይ መንጠልጠል የለበትም።

አዲስ ገቢው፦
ታዲያ ለምን ሂት ፓምፕ፣ ማለትም ከደጅ ሙቀት ስቦ ወደ ቤት የሚያስገባው የኤሌክትሪክ መሣሪያ፣ አይሆንም? አንድ እጅ ኤሌክትሪክ ወስዶ ሁለትና ሦስት እጅ ሙቀት ይሰጣል። ጭስ የለውም።

እንጨት ፈላጩ፦
መብራት ሲጠፋስ?

ቧንቧ ሠራተኛው፦
ጋሼ፣ መብራት ሲጠፋ የእርስዎም ይቆማል እኮ። ውኃውን የሚገፋው ፓምፕ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። ባትሪ ወይም ጄነሬተር ከሌለዎት እሳቱ ደጅ እየነደደ ቤቱ ይቀዘቅዛል።

ሌላ ልጠይቅዎት። እንጨቱን ለክተውት ያውቃሉ? አነስተኛ የእርጥበት መለኪያ አለ፣ ሁለት መርፌ ያለው። ላዩን አይውጉት፣ ላዩ ሁሌም ደረቅ ነው። አንዱን ግንድ ይፍለጡና አዲስ የተከፈተውን ፊት ይለኩት። በ20 በመቶ እርጥበት አንድ ኪሎ እንጨት ወደ 4 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል። ግማሽ ክብደቱ ውኃ ከሆነ ወደ 2 ይወርዳል። ከኪሎው ግማሹ እንጨት ሳይሆን ውኃ ስለሆነ ነው፣ ያንን ውኃ ማትነን ደግሞ ተጨማሪ ጉልበት ይበላል።

ጥያቄውን ያነሳችው፦
እስካሁን ባነበብኩት ወደ ክልከላው እያደላሁ ነው፣ ግን ለአሮጌውና እርስ በርስ በተጠጉ ቤቶች መካከል ላለው። አዲሱንና ታንከር ያለውን አብሮ መከልከል ተገቢ አይመስለኝም። ጋሼን ግን መስማት እፈልጋለሁ። የለኩት ነገር አለ?

እንጨት ፈላጩ፦
መለኪያ ተውሼ ለካሁ። ላዩ 17 በመቶ አለ። ደስ ብሎኝ ነበር። ፈልጬ ውስጡን ስወጋው 31 አለ። ሌላ ግንድ ፈለጥኩ፣ 29። አራተኛው ላይ ተውኩት።

ክልከላውን አሁንም አልቀበልም። ግንዱን ሳልፈልጥ መከመሬ ግን ጥፋት ነው፣ በግንዱ ሙሉ ዓመት ቢቀመጥም ውስጡ አይደርቅም ለካ። ያለኝን ሁሉ ፈልጬ እንደገና እከምራለሁ፣ እስከሚቀጥለው ብርድ አልነካውም። በሙቀት ወራትም ቦይለሩን አጠፋዋለሁ። ለዘንድሮ የደረቀ እንጨት መግዛት ሊኖርብኝ ነው።

ልጄ፣ ማዶ ያለሽው፣ ከእኔ ቤት በስተ ምሥራቅ አንዲት አሮጊት አሉ። ስለ ጭሱ አንድም ቀን ተናግረውኝ አያውቁም። ነገ ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ።