ዮርክሻየር ስንት ከንቲባ ይበቃዋል?

የሊድሱ፦ እስቲ ተከራከሩኝ። የሰሜን እንግሊዙ ዮርክሻየራችን ስኮትላንድን የሚያህል ሕዝብ አለው፤ ከ5 ሚሊዮን በላይ። ስኮትላንድ ፓርላማ አላት። እኛን ለአራት ከንቲባ አካፈሉን፦ ደቡቡ በ2018፣ ምዕራቡ በ2021፣ ዮርክና ሰሜኑ በ2024፣ ሀልና ምሥራቁ በ2025። (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው።) አራቱ ለየብቻ ለንደን ደጅ ከሚጠኑ አንድ ጠንካራ ከንቲባ አይሻልም? ባለፈው ዌክፊልድ፣ ምዕራቡ ውስጥ፣ የያዝኩት የቀን ትኬት ደቡቡ ውስጥ ያለችው ባርንስሊ ላይ አልሠራም። ሾፌሩ "ይሄ የወዲያኛው ነው" አለኝ። ጎረቤት ከተማ እኮ ነው!

የሸፊልዷ፦ ወንድሜ፣ የዚያ የአንዱ ከንቲባ ቢሮ የት ሊሆን ነው? ሊድስ አይደል? ትራማችን በ2024 ከግል ድርጅት ወደ ሕዝብ እጅ የተመለሰው የራሳችን ከንቲባ ስላለን ነው። የሊድስ ሰው ስለ ትራም ምን ገዶት? ለራሱ እንኳ ከ1959 ወዲህ የለውም።

የዶንካስተሩ፦ እኛና ባርንስሊ እኮ በ2017 ተጠይቀናል። 85 በመቶ ገደማው "ዮርክሻየር በሙሉ በአንድ ይሁን" አለ። ከ20 ምክር ቤቶችም 18ቱ ደግፈው ነበር። የቀሩት ሁለቱ የእናንተ ሸፊልድና ሮዘራም ናቸው። በ2019 ግን የለንደኑ መንግሥት ሚኒስትር ጄምስ ብሮክንሻየር አይሆንም አሉ።

የሸፊልዷ፦ ድምፅ የሰጠው ከአምስት ሰው አንዱ ብቻ መሆኑንስ ለምን ዘለልከው?

የስካርቦሯ፦ እናንተ ስለ ከንቲባ ታወራላችሁ፣ እኛ ወረዳችን ራሱ ጠፍቶብናል። ኤፕሪል 2023 ሰባት የወረዳ ምክር ቤቶች ፈርሰው አንድ የሰሜን ዮርክሻየር ምክር ቤት ሆኑ። ዋናው መሥሪያ ቤት ኖርዛለርተን ነው፤ በመኪና ከአንድ ሰዓት በላይ። ጥቅሙን አልክድም። ድሮ ቆሻሻ የሚያነሳው ሌላ፣ መንገድ የሚጠግነው ሌላ ነበር። ስትደውሉ "የእኛ ሥራ አይደለም" ይሏችኋል። ያ ቀርቷል። ግን የባሕር ዳራችንን ጉዳይ አሁን የሚወስኑት 90 ተወካዮች ናቸው፤ አብዛኞቹ ባሕሩን የሚያዩት ለሽርሽር ሲመጡ ነው።

የሀሉ፦ እኛ ላይ በ1974 "ሀምበርሳይድ" የሚል የአዲስ አውራጃ ስም ለጥፈውብን 22 ዓመት ኖርንበት። በ1996 ሲፈርስ እንባ ያፈሰሰ ሰው አላየሁም። አሁን ደግሞ ሌላ ካርታ? ተዉን እባካችሁ።

የሊድሱ፦ እሺ፣ የስካርቦሯ ነገር ገብቶኛል። ቆሻሻውም ባሕር ዳሩም እዚያው ይወሰን። አውቶቡስና ባቡር ግን የማንንም ድንበር አያውቁም። አንቺ የሸፊልዷ፣ ትራምሽን ያዢው። ትኬቱን ብቻ አንድ አድርጉልኝ።