ጊዜው ያለፈበት የመከላከያ በጀት ግራ አጋባኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ለአሜሪካ መከላከያ ፋይናንስ ባለሙያዎች የሚሰጠውን የሲዲኤፍኤም ፈተና እያጠናሁ ነው። በጀት አወጣጡን እንደምንም ተወጣሁት። የያዘኝ ጊዜው ያለፈበት ገንዘብ ነው።

የአንድ ዓመቱ የሥራ ማስኬጃ በጀት ሴፕቴምበር 30 ያበቃል። ከዚያ በኋላ ለ5 ዓመት አዲስ ውል አይገባበትም፤ የድሮ ሂሳብ ግን ይከፈልበታል፣ ይስተካከልበታል። ከዚያ ይሰረዛል። እስከዚህ ገብቶኛል።

ከ5ቱ ዓመት በ3ኛው፣ በድሮው በጀት የተገባው ውል ተለውጦ ዋጋው ቢጨምርስ? ለውጡ ከመጀመሪያው ውል የሥራ ወሰን ካልወጣ ከድሮው በጀት፣ ከወጣ ከዘንድሮው ይከፈላል ይባላል። ታዲያ አለመውጣቱን ለኦዲተር በምን ሰነድ አሳያለሁ? አሰልጣኛችን «ፋይሉን አሟሉ» ብሎ አለፈው። በምን እንደምናሟላው ግን አልነገረንም! ፈተናው ደርሶብኛል፤ እባካችሁ፣ በምሳሌ የሚያስረዳኝ አለ?