ክርክር፦ ባሕር ዳር ላይ ሙሉ መስታወት ሕንፃ ይከልከል ወይስ አይከልከል?

የጣና ዳር ልጅ፦ እኔ ይከልከል ባይ ነኝ። የምሠራበት ቢሮ ፊቱ እንዳለ መስታወት ነው፣ የሚያየውም ወደ ምዕራብ። ከሰዓት ፀሐይዋ ስትገባ መጋረጃ እንዘጋለን፣ ሲጨልምብን ደግሞ መብራት እናበራለን። በጠራራ ፀሐይ መብራት! ዘጌ ሄዳችሁ ታውቁ የለ? ቡናው ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ነው፤ ብርሃኑ በቅጠል ተጣርቶ ይወርዳል፣ መጽሐፍ ያስነብባል እንጂ አያቃጥልም። ሕንፃም ቅጠል ያስፈልገዋል።

ግንበኛው፦ ወንድሜ፣ ባለሀብቱ መስታወት የሚያስገጥመው ጣናን ለማሳየት ነው። እይታ ከሌለ ተከራይ የለም።

የአርክቴክቸር ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ እይታውን ማን ይነካል? ከተማችን ያለችው ከሐይቁ በስተደቡብ ነው፣ ስለዚህ ጣናን የሚያይ መስኮት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሰሜን ያያል። እዚህ ደግሞ የእኩለ ቀን ፀሐይ ወደ ሰሜን የምታዘነብለው ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ብቻ ነው። ያኔም አናት ላይ ስለሆነች አጭር ጥላ ይበቃታል። መስታወቱን ለሐይቁ ይስጡት። የሚያቃጥሉን ምሥራቅና ምዕራብ ናቸው፣ ፀሐይዋ እዚያ ዝቅ ብላ ስለምትገባ ከላይ የተዘረጋ ጥላ አያቆማትም፤ እነሱ ላይ መስኮቱ ይነስ፣ የቆመ ከለላም ይደረግለት።

የጣና ዳር ልጅ፦ መሐል ላይ ያለው ኮሪደርና ደረጃስ? የእኛ ቀን ከሌት ጨለማ ነው።

የአርክቴክቸር ተማሪዋ፦ ናሚቢያና ደቡብ አፍሪካ በረሃ ውስጥ አንዲት ትንሽ ተክል አለች። ቅጠሏ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ጫፉ ብቻ ብቅ ይላል። ጫፉ ብርሃን አሳላፊ ስለሆነ ብርሃኑ በዚያ ገብቶ ከመሬት በታች ያለውን ክፍሏን ይመግባል። ደረጃችንም ከጣሪያ ብርሃን ቢወርድለት ያው ነው።

ግንበኛው፦ ይሄን አልቀበልም። የጣሪያ መስታወት ክረምት ላይ ያፈሳል፣ ስንቱን ጠግኛለሁ።

የአርክቴክቸር ተማሪዋ፦ እውነትዎን ነው። እንግዲያው የደረጃው አናት ከጣሪያው ከፍ ይበልና መስታወቱ በጎን ይቁም፣ ክፈፉም ይውጣለት። ዝናቡ አያገኘውም፣ ብርሃኑ ግን ግድግዳውን እየመታ ይወርዳል።

ግንበኛው፦ በጎን ከሆነ ይሠራል። የሐይቁንም ነገር አምኛለሁ። ግን ቦታው ጠባብ ሆኖ ፊቱ ወደ ምዕራብ መንገድ የሆነበት ሰው መሬቱን አያዞረውም። ክልከላው እሱ ላይ ነው የሚወድቀው።

የጣና ዳር ልጅ፦ እሱ ሰፋ ያለ በረንዳ ይሥራ፣ ፊት ለፊቱም ዛፍ ይትከል። መስታወት በቃ አትጠቀሙ አላልኩም። ያለ ከለላ ሙሉ መስታወት ግን አሁንም ይከልከል እላለሁ፤ በየቀኑ የምቃጠለው እኔ ነኝ።