የድሮ ጎተራና የሣር ክዳን ቤት ፎቶ፦ ግድግዳው ለምን ልሙጥ ይሆንብኛል?

ጠያቂ፦ አዲስ ካሜራ
ሰላም ለሁላችሁ። ከደጀን በቢቸና አድርጎ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ዳር ያሉ አሮጌ ጎተራዎችን፣ በረቶችንና የሣር ክዳን ቤቶችን ቆርቆሮ ሳይተካቸው በፎቶ ማስቀረት እፈልጋለሁ። ያለኝ ባለ 18-55 ሌንስ ካሜራና ትራይፖድ ነው። የማነሳው ከረፋዱ 4 እስከ 8 ሰዓት ነው። የምርጊቱ ስንጥቅ አይወጣም፣ ግድግዳው ወደ ኋላ የተንጋለለ ይመስላል፣ ሰማዩም ነጭ ይሆናል። ምን ላስተካክል?

መላሽ፦ አግድም ብርሃን
መጀመሪያ ሰዓቱን ቀይር። በእኛ አገር እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ናት፤ ሚያዝያ ላይማ ጥላህ ከእግርህ ሥር አይወጣም። የሣር ክዳን ጠርዙ ከግድግዳው አልፎ ስለሚወርድ ያን ሰዓት ግድግዳው በሙሉ ጥላ ውስጥ ይገባል። ስንጥቅ የሚታየው አንዱ ከንፈሩ በርቶ ሌላው ሲጠቁር ስለሆነ ብርሃኑ ከጎን መምጣት አለበት።

ጥር ላይ ፀሐይ የምትወጣው ወደ 12፡50 ገደማ ነው። ከዚያ እስከ 2 ሰዓት፣ ማታ ደግሞ ከ11 ሰዓት እስክትጠልቅ ሥራ። እዚህ ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ ያ ለስላሳ ብርሃን ቶሎ ያልፋል፤ ቦታህን በዋዜማው መርጠህ እደር።

ጎተራ ክብ መሆኑን አትርሳ። ፀሐይዋን በቀኝህ ወይም በግራህ አድርገህ ስትቆም ግማሹ ይበራል፣ ግማሹ ይጠቁራል። የእበቱ ምርጊት፣ የጣት ፈለጉ፣ ጭቃው ረግፎ የወጣው የቀርከሃ ጥልፍ ጎልቶ የሚታየው ብርሃንና ጥላ የሚገናኙበት ስንዝር ላይ ነው። ፎከስህን እዚያ አድርግ። የዝናብ ፍንጣሪ ስለሚመታው ምርጊቱ ቀድሞ የሚረግፈው ከታች ነውና በርከክ ብለህ አንሳው።

መላሽ፦ ቋሚ መስመር
መንጋለሉ የሚመጣው ከሌንስህ ሰፊ ጫፍ፣ ከ18 ሚሊሜትር ነው። ቀርበህ በ18 ስታነሳ ጣሪያው እንዲገባ ካሜራውን ቀና ታደርጋለህ፤ ቀና ባለ ቁጥር ቋሚው እንጨት ሁሉ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ወደ 15 ሜትር ሽሽና በ35 ወይም በ50 አንሳ፤ ካሜራው ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያጋድል ቀጥ ይበል፣ የትራይፖዱ ቁመት የግድግዳውን ወገብ ያህል። የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 8፣ የብርሃን ትብነቱ አይኤስኦ 100፣ የ2 ሰከንድ ታይመር። ባሕር ዛፍ መሸሻ ከከለከለህ ሙሉ ቤቱን ተወውና የበሩን መቃን ወይም ጎተራው የተቀመጠበትን ድንጋይ ብቻ ውሰድ። ያ ራሱን የቻለ ፎቶ ነው።

ሰማዩንም የጎን ብርሃን ይፈታልሃል፦ ከፀሐይ 90 ዲግሪ ላይ ያለው ሰማይ ከሁሉም ይጠቁራል። በሮው (ባልተጨመቀው ጥሬ ፋይል) አንሳ፣ ኤክስፖዠሩን (የሚገባውን ብርሃን) ከ0.7 እስከ 1 ስቶፕ ቀንስ፤ አንድ ስቶፕ መቀነስ ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ነው።

መላሽ፦ ጥላሸት
ቤት ውስጥ ለመግባት ካሰብክ ፍላሽ አትጠቀም፤ የምድጃውን ጭስ ነጭ መጋረጃ ያደርገዋል። በሩን ከፍተህ ከትራይፖድ ላይ ኤክስፖዠሩን -2፣ 0 እና +2 እያደረግህ ሦስት አንሳና ኮምፒውተር ላይ አዋህዳቸው። ጥላሸት የያዘ ግድግዳ የካሜራውን ብርሃን መለኪያ ስለሚያታልለው 0 ያለው ራሱ ብርሃን በዝቶበት ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ የምትወስደው ከ-2 ነው።

መላሽ፦ የአገር ደንብ
ስለ ሰዉ ማንም አልነገረህምና ልጨምር። ከአጥር ውጭ ቆመህ «ቤቶች!» ብለህ ተጣራ፤ ውሻ አለ። ሰላምታ ካደረስክ በኋላ የምታነሳውን በእጅህ አሳይተህ ፈቃድ ጠይቅ። የጎተራውን ክዳን እንዲከፍቱልህ አትጠይቅ፤ ውስጡ ያለው እህል የቤቱ ጉዳይ ነው። ያዘመመ ጎተራ ላይ አትደገፍ፣ ትራይፖድም አታስጠጋ፤ ምስጥ የበላው እግር ከውጭ ደህና ይመስላል። አውድማ ላይ ጤፍ ሲበራይ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ቁም፤ እብቁ ዙም ስታደርግ ሌንሱ ውስጥ ይሳባል።

አዲስ ካሜራ
እግዜር ይስጥልኝ። ክረምት ላይስ ይሆናል ወይስ በጋን ልጠብቅ?

አግድም ብርሃን
ይሆናል እንጂ! የራሰ ጭቃና ያረጀ ሣር ቀለሙ የሚደምቀው ያኔ ነው። ደመናው ስንጥቁን ስለሚያለዝበው ግን ከስንጥቅ ይልቅ ቀለም ላይ አተኩር፣ ነጩን ሰማይ ከፍሬም አውጣው። የራሰ ሣር ያብለጨልጫልና ፖላራይዘር (ሌንስ ላይ የሚገጠም ነጸብራቅ ቀናሽ ማጣሪያ) ግዛ፤ ከ1 እስከ 2 ስቶፕ ብርሃን ስለሚበላ ትራይፖዱ አይቅር። ከጮቄ ተራራ ብርድ ወደ ሞቀ ቤት ስትገባ ካሜራውን ቀድመህ ፌስታል ውስጥ ቋጥረው፣ ጤዛው ፌስታሉ ላይ ይቀራል። ሙቀቱ እስኪስተካከል አትፍታው።