ፕሪንተሬ አዲሱን ዋይፋይ እምቢ አለኝ

ጥያቄ (ተርጓሚዋ)፦
ሰላም ወገኖች። ቤቴ ቁጭ ብዬ የትርጉም ሥራ ነው የምሠራው። ደንበኞቼ ወረቀቱን በእጃቸው ካልያዙ ሥራው ያለቀ አይመስላቸውም። ባለፈው ሳምንት ራውተራችን ተበላሽቶ አዲስ ገዛን። የወንድሜ ልጅ መጥቶ ገጠመልን። ስሙንም ፓስወርዱንም ቀይሮ፣ «አክስቴ፣ ከእንግዲህ ጎረቤት አይገባበትም» ብሎኝ ሄደ። እውነቱን ነው፣ ጎረቤት አልገባም። ፕሪንተሬም አልገባም።

ስልኬ፣ ላፕቶፔና ቴሌቪዥኑ ያለችግር ገብተዋል። ፕሪንተሩ በ2008 ዓ.ም. የገዛሁት ነው፣ ስክሪን የለውም። የዋይፋዩ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል እንጂ አይረጋም። የራውተሩን የደብልዩ ፒ ኤስ ቁልፍ (ፓስወርድ ሳይጻፍ የሚያገናኘውን)፣ ከዚያ የፕሪንተሩን ተጭኜ ጠበቅኩ። ወይ ፍንክች! በዩኤስቢ ገመድ ግን ጥርት አድርጎ ያትማል። ፓስወርዱ 22 ፊደል ነው። ምናልባት በዝቶበት ይሆን?

መልስ (ገመዱ)፦
ሁለቱንም አጥፍተሽ መልሰሽ አብሪያቸው። መጀመሪያ ራውተሩን፣ ከዚያ ፕሪንተሩን።

ተርጓሚዋ፦
ሦስት ጊዜ አድርጌዋለሁ ወንድሜ። አልሆነም።

መልስ (የሰፈር ልጅ)፦
ቀላል ነው። ፓስወርዱን አንሺና ዋይፋዩን ክፍት አድርጊው። ፕሪንተሩ ሲገባ ፓስወርዱን ትመልሻለሽ።

መልስ (ባለ ካፌው)፦
ኧረ ተው! ፓስወርዱ ሲመለስ ፕሪንተሩም ተመልሶ ይወጣል፤ ምን አተረፈች? እስከዚያው ደግሞ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ሦስት ፎቅ ሙሉ ሰው ይገባበታል።

እህቴ፣ እኔ ኢንተርኔት ካፌ ነበረኝ፤ ይቺን በሽታ አውቃታለሁ። የፓስወርዱ ርዝመት አይደለም። እስከ 63 ፊደል ይፈቀዳል። የወንድምሽ ልጅ ለጥንቃቄ ብሎ ዋይፋዩን ደብልዩ ፒ ኤ 3 (አዲሱ የዋይፋይ መቆለፊያ ዘዴ፣ የድሮው 2 ነው) ብቻ አድርጎት ይሆናል። እሱ የወጣው በፈረንጆቹ 2018 ነው፤ ፕሪንተርሽ ከዚያ በፊት የተገዛ ስለሆነ ቋንቋውን አያውቀውም። ቁልፉም ያልሠራልሽ ለዚህ ይመስለኛል፤ ደብልዩ ፒ ኤስ ከደብልዩ ፒ ኤ 3 ጋር አይሄድም።

ሁለተኛው ጥርጣሬዬ ሞገዱ ነው። ብዙ የቤት ፕሪንተሮች 2.4 ጊጋሄርዝ ብቻ ነው የሚያዩት። ባለ 5 ጊጋሄርዙን ጭራሽ አያዩትም።

እንዲህ አድርጊ። ከራውተሩ ሥር የተለጠፈውን አድራሻ፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው፣ በላፕቶፕሽ ብሮውዘር ክፈቺ። የዋይፋይ ሴኩሪቲ የሚለው ጋ ገብተሽ የደብልዩ ፒ ኤ 2ና 3 ድብልቅ የሚለውን ምረጪ። ድብልቁንም እምቢ የሚል አሮጌ ፕሪንተር ገጥሞኛል። ያኔ የ2.4ቱን ብቻ ደብልዩ ፒ ኤ 2 ከኤኢኤስ (መረጃው የሚመሰጠርበት ዘዴ) ጋር አድርጊው። ቲኪፕ የሚለውን ሌላውን ዘዴ አትንኪው፣ ያረጀ ነው። በ22 ፊደል ፓስወርድ ደብልዩ ፒ ኤ 2 ለቤት ይበቃል፤ ሌባ በሩን ትቶ በዚያ አይመጣም። ከዚያ ለ2.4ቱ የራሱን ስም ስጪው፣ መጨረሻው ላይ 2 ብትጨምሪም በቂ ነው።

ስክሪን ስለሌለው ዩኤስቢውን ሰክተሽ የፕሪንተሩን ፕሮግራም ክፈቺ። ዋይፋይ ማስተካከያ የሚለው የኔትወርኩን ስምና ፓስወርድ በገመዱ በኩል ያስተላልፍለታል። ትልቅና ትንሽ ፊደል ለይተሽ ጻፊ። መብራቱ ሲረጋ ገመዱን ንቀይ።

መልስ (ጥንቁቁ)፦
ባለ ካፌው ልክ ነህ፣ ግን ለምን ዋናውን ታላላለህ? የእንግዳ ዋይፋይ ከፍታ ፕሪንተሩን እዚያ ታስገባው።

ባለ ካፌው፦
ሞክሬዋለሁ። የእንግዳው ዋይፋይ የተሠራው እንግዳው የቤቱን ዕቃ እንዳያይ ነው። ፕሪንተሩ ይገባል፣ ላፕቶፑ ግን አያገኘውም። ለማተም በፈለገች ቁጥር ዋይፋይ ልትቀያይር ነው? ይልቅ እህቴ፣ ሲያልቅ ደብልዩ ፒ ኤሱን ዝጊው። በፒን ቁጥር የሚገባበት መንገድ እንደሚሰበር ከፈረንጆቹ 2011 ጀምሮ የታወቀ ነው።

ተርጓሚዋ (በማግሥቱ)፦
ገባ! ድብልቁን እምቢ አለ፤ የ2.4ቱን ብቻ ወደ ደብልዩ ፒ ኤ 2 ሳወርደው ወዲያው መብራቱ ረጋ። እግዜር ይስጥልኝ። የወንድሜ ልጅ ግን ትንሽ ቅር ብሎታል።

ተርጓሚዋ (ከሁለት ቀን በኋላ)፦
አሁንም እኔው ነኝ። ትናንት ማታ መብራት ሄደ። ሲመጣ የፕሪንተሩ መብራት ረግቷል፣ ላፕቶፑ ግን «ኦፍላይን» ይለኛል።

መልስ (ጥንቁቁ)፦
ይሄኛውን ለእኔ ተዉት። ራውተሩ ለእያንዳንዱ ዕቃ አይፒ የሚባል ቁጥር ያድላል። መብራት ሲሄድ አንዳንዱ ራውተር ለማን ምን እንደሰጠ ይረሳል። ስለዚህ ፕሪንተርሽ ሌላ ቁጥር ደርሶት ይሆናል፤ ላፕቶፕሽ ደግሞ በድሮው ቁጥር እየፈለገው ነው። ፕሪንተሩ ላይ የዋይፋዩን ወይም የመረጃውን ቁልፍ ተጭነሽ ቆይ፤ በብዙዎቹ የኔትወርክ ሪፖርት ይወጣል። አይፒው በ169.254 ከጀመረ ከራውተሩ ምንም ቁጥር አልደረሰውም ማለት ነው፤ አጥፍተሽ አብሪው። ደህና ቁጥር ካለው ሪፖርቱ ላይ ያለውን የማክ አድራሻ (የዕቃው የራሱ መለያ) ያዢና ራውተሩ ውስጥ ዲኤችሲፒ (ቁጥር የሚታደልበት) ከሚለው ሥር ያንኑ ቁጥር ለእሱ ብቻ አስይዢለት። ከዚያ ላፕቶፑ ላይ ያለውን ፕሪንተር ሰርዘሽ በአዲሱ ቁጥር ጨምሪው።

ተርጓሚዋ፦
አስያዝኩለት። ከዚያ ወዲህ መብራት ሁለቴ ሄዶ መጣ፤ ቁጥሩን አልለቀቀም። ዛሬ የ14 ገጽ ውል ያለ ገመድ አተምኩ።

ጥያቄ (ገመዱ)፦
እኔስ? ቪፒኤን ስከፍት ፕሪንተሩ ይጠፋብኛል።

ባለ ካፌው፦
ቪፒኤኑ ከቤትህ ኔትወርክ እየነጠለህ ነው። እስክታትም ዝጋው፣ ወይም ሰቲንጉ ውስጥ የቤት ኔትወርክ ይታይ የሚል ካለ አብራው።