«ተንጣጣ»፣ «ሻከረ» ወይስ «ጎረነነ»? የሸክላ ሕመም በትክክለኛ ስሙ

ጥያቄ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ነኝ። ከአያቴ የወረስኩት የሸክላ ማጫወቻ ድምፁ ልክ አልመጣ አለኝ። ሠሪውን «ድምፁ ተበላሽቷል» ስለው «እንዴት ሆኖ?» አለኝና አፌ ተያዘ። የቱ ግስ ነው የሚስማማው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሠሪው ደግ ጠየቀህ። ግሱን ካገኘህ ጥገናው ተጋመሰ።

«ተንጣጣ» ማለት ሽምብራ ምጣድ ላይ ሲቆላ የሚሰማው ነው። ዘፈኑ ደኅና ሆኖ ከላዩ ጣ፣ ጣ የሚል ከሆነ አቧራ ወይም ጭረት ነው። ስሙ ሸክላ ይሁን እንጂ ዕቃው ፕላስቲክ ነው፤ በደረቅ አየር ሲታሽ ኤሌክትሪክ ይይዝና አቧራ ይስባል። የአዳማን ነፋስ ደግሞ አንተው ታውቀዋለህ። ከማጫወትህ በፊት በለስላሳ ብሩሽ ዙሪያውን ጥረገው።

«ሻከረ» ግን ከላይ የተደረበ ነገር አይደለም፤ ጉሮሮው ራሱ ነው የታመመው። ሰ እና ሸ ላይ ጆሮህን ጣል። «ሰላም» የሚለው «ሸላም» መስሎ ከመጣ መርፌው አርጅቷል፣ ወይም ተንጋዶ ተገጥሟል። በተለይ ወደ መሃል ሲጠጋ የሚብስ ከሆነ ልብ በል፦ ሸክላው የሚዞረው በአንድ ፍጥነት ነው፤ የመሃሉ ክብ ግን አጭር ስለሆነ ያው ድምፅ መርፌው በሚሄድበት አጭር ቦይ ላይ ተጨናንቆ ይቀረጻል። ደካማ መርፌ እዚያ ላይ ይከዳል።

ብዙ ሰው «መርፌውን የያዘው ክንድ ሲቀል ሸክላው አይጎዳም» ይላል። እኔ አጥብቄ እቃወማለሁ። የቀለለ መርፌ ቦዩን እየለቀቀ እየተመለሰ ግድግዳውን ይደበድበዋል። ከዛሬዎቹ መርፌዎች ብዙዎቹ ከ1.5 እስከ 2 ግራም ገደማ ጫና ይፈልጋሉ፤ የአንተን ልክ ከመርፌው መመሪያ ላይ እይ።

«ጎረነነ» ከሆነ አትደንግጥ። የሙዚቃ አሳታሚው አምሃ ሪከርድስ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ያወጣቸው ትናንሽ ሸክላዎች በደቂቃ 45 ዙር የሚዞሩ ናቸው፤ በ33 ካስኬድካቸው ዘፋኟ ወንድ ትሆንብሃለች። የፍጥነት መቀየሪያውን ብቻ ተመልከት።

ሌላ መልስ፦ ጋሼ፣ «ያጉረመርማል»ን ዘለሏት። ዘፈን ሳይጀመርም እምም የሚል ከሆነ ብዙ ጊዜ የማጫወቻው የመሬት ሽቦ ከድምፅ ማጉያው (አምፕሊፋየሩ) ጋር አልታሰረም ማለት ነው።

መልስ፦ እውነት ነው፣ ተባረክ።

ጠያቂው፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን በስልኬ ካሜራ አጉልቼ ሳየው መርፌው ጫፍ ላይ ጥጥ የመሰለ ጉድፍ ተጠቅልሏል። በደረቅ ብሩሽ ከኋላ ወደ ፊት ቀስ አድርጌ አነሣሁለት። የመጀመሪያው ግማሽ መረዋ ሆነ! ማለቂያው ላይ ግን «ሸላም» ማለቱን አልተወም። ነገ ለሠሪው «ወደ መሃል ሲጠጋ ይሻክራል» እለዋለሁ።